በር የማይንኳኳበት መንደር

ሰውየው ከጀልባው ሲወርድ ራግና በመስኮቷ አየችው። በጥቅምት እንግዳ ወደዚያች የሰሜን አትላንቲክ የፋሮ ደሴት እምብዛም አይመጣም። ነፋሱ የነፋውን ጃኬቱን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ ወደቡ ላይ የጀልባ ገመድ የሚያስረውን ቱማስን አንድ ነገር ጠየቀው። ቱማስም እንደ ልማዱ በቅንነት ጣቱን ወደ ራግና ቤት ቀሰረ።

ከመንደሩ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ ጣሪያዋ ሣር ያበቀለ ጎጆ አለች። ራግና ለዕረፍት ለሚመጡ ታከራያታለች፤ ስንቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ባሕሩን ሲያዩ ሰንብተው ይሄዳሉ። አሁን ያለችባት ሲሴል የምትባል ዴንማርካዊት ናት። በመጣች ዕለት ቁልፍ ስትጠይቅ ራግና ሳቀች። "ቁልፍ? ማን እንዳይገባ? በጎቹ?" በማግስቱ ማርማላታ ይዛላት፣ እንደ መንደሩ ደንብ ሳታንኳኳ ገባች። ልጅቷ ጮኸች። ግድግዳው ሥር ኩርምት ብላ፣ የሽንኩርት ቢላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር።

"ባሌ የመጣ መስሎኝ ነው" አለች ኋላ። "ካገኘኝ ይገድለኛል፤ ብሎኛል። እባክዎ፣ እዚህ መሆኔን ለማንም አይንገሩ።"

ራግና ለማንም አልነገረችም፤ ለሟች ባሏ ወንድም ለቱማስ እንኳ። ለቱማስ መንገር ደሴቱን ሰብስቦ መንገር ነው።

ሰውየው በሯን አንኳኳ። ያ በር ለመጨረሻ ጊዜ የተንኳኳው ባሕሩ ባሏን የወሰደ ዕለት ነበር።

"ይግቡ" አለች። ጠረጴዛው ጋ ሁለት ወንበሮች አሉ። አንዱ ላይ የተቀመጠ ሰው በመስኮቱ ጎጆዋን ከነጭሷ ያያል። ሌላው ጀርባውን ለመስኮቱ የሰጠ፣ የባሏ ወንበር ነው፤ ከሞተ ወዲህ ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም። ራግና እሱን ሳበችለት።

"ሚስቴን ፍለጋ ነው የመጣሁት" አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው። "ትንሽ ተቀያይመን ነበር። የእርስዎ ጎጆ ውስጥ ናት አሉኝ።"

"ነበረች። ከትናንት በስቲያ ሄደች።"

"ወዴት?"

"የሚሄድ እንግዳ ወዴት ነህ አይባልም። ሻይ ልቅዳልዎ?"

በትከሻው ላይ አሻግራ ታያለች። ጭሱ ነፋሱ እያጎበጠው ከጎጆዋ ይወጣል። አትውጪ፣ አለች በልቡናዋ፤ እባክሽ፣ ለማገዶ ብለሽ እንዳትወጪ።

በሩ ብርግድ አለ። ቱማስ ነው፤ ወሬ ርቦታል።

"ራግና! እንግዳሽን ላክሁልሽ አይደል? ያቺ የላይኛዋ ልጅማ—"

ዓይኑ ወንበሩ ላይ ወደቀ። አንድ የገና ዕለት ረስቶ ቢቀመጥበት ራግና እስከ ፋሲካ አኩርፋው ነበር። ወንበሩን አየ። እሷን አየ። ከዚያ መስኮቱን።

"ያቺ ልጅማ ምን?" አለ ሰውየው።

ቱማስ ኮፍያውን አወለቀ። "ያቺ ልጅማ ቤቱን ሳትጠርግ ሄደች። የአሳማ ጉረኖ አድርጋው!"

"እንግዲያው ጎጆው ባዶ ነው" አለ ሰውየው። "ዛሬ እኔ ልከራየው።"

ራግና በውሸቷ ራሷ በሩን ከፈተችለት።

"አይሆንም" አለ ቱማስ። "እኔ አለሁበት።"

"እርስዎ?"

"ሚስቴ አባራኝ።" ጆሮው ቀላ። በትዳሩ የሚኮራ ሰው ነው። "ታንኮራፋለህ ብላ።"

"ማንኮራፋት ብቻ ቢሆን!" አለች ራግና። "ካልሲውን ሲያወልቅ በጎች ይሸሻሉ።"

"አንቺ ደግሞ! በሰው ፊት?"

ሰውየው አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። "እሳት ይነዳል።"

"ድንች ጥጄ ነው የመጣሁት። ይኸው እዚህ ስቀባጥር አረረብኝ።"

ጀልባዋ የመነሻ ጥሩምባዋን ነፋች።

"ማዕበል እየመጣ ነው" አለ ቱማስ። "አሁን ከሄደች በዚህ ሳምንት አትመለስም። ገመዷን የምፈታው እኔ ነኝ፤ እንሂድ።"

"ጎጆውን አንዴ ልየውና።"

"ምኑን? የተሰጣውን የውስጥ ሱሪዬን?"

ወጡ። ራግና መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ሲደርሱ ሰውየው ቆመ። ከዚያ ሽቅብ መራመድ ጀመረ። ቱማስ አልያዘውም። ዞሮም አላየው፤ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ምንም እንዳልጎደለበት ሰው ቁልቁል ወደ ወደቡ ሄደ። ምነው እግርህን በሰበረው፣ ብላ ቱማስን ረገመችው። ሰውየው አንድ ጊዜ ጭሱን፣ አንድ ጊዜ የቱማስን ጀርባ አየ። ጀልባዋ ደግማ ጮኸች። ቱማስ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ያኔ ሰውየው ቁልቁል ሮጠ።

ጀልባዋ ከወደቡ ስትርቅ ራግና ወጣች። ቱማስን መንገዱ ላይ አገኘችው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ማነው እሱ?"

"ባሏ ነው። እገድልሻለሁ ብሏታል።"

ቱማስ ጣቱን አየ፤ ያን የቀሰረውን። "እኔው ነኝ ያሳየሁት።"

"ያዳንካትም አንተው ነህ። ግን ይመለሳል።"

"የበረቴን መቀርቀሪያ ነቅዬ አመጣለሁ። ለሚስቴስ ምን ልበላት?"

"እውነቱን። ሌላ ሰው ሲጠይቅህ ግን አባራኛለች በል።"

"ወይኔ ቱማስ!" አለና ወደ በረቱ ሄደ።

ራግና ጎጆዋ ደጃፍ ደረሰች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ በሩ እጀታ ተዘረጋ። መለሰችው።

"ሲሴል፣ እኔ ነኝ፤ ራግና። ብቻዬን ነኝ" አለች፤ ከዚያም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በር አንኳኳች።

ከውስጥ፣ በሩ ላይ የተደገፈ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

"ሄዷል" አለች ራግና። "ድንች ጣጂ። ቱማስ መቀርቀሪያ ይዞ እየመጣ ነው።"