ሄምፑ ሥር የነሰነስኩት አመድ

የኑሃሚንን ተክሎች ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው የማምነው ወሬው ቀድሞኝ ቤተ ክርስቲያን ስለደረሰና እዚያም በየሳምንቱ ስለሚያብጥ ነው። አንዳንዱ መርዝ አፈሰሰባቸው ብሏል። መርዝ አይደለም፤ አመድ ነው።

ኑሃሚን ልጄ ናት። ስድስት ዓመት ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ሠርታ አምና ለቀቀችና፣ ከአትላንታ አርባ ደቂቃ ወጣ ብሎ መሬት ተከራይታ ሄምፕ ለመትከል ፈቃድ አወጣች። ሄምፕ የሐሺሽ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ግን አያሰክርም፣ ዘይቱ ለቅባት ይሆናል፣ ከመታጨዱ በፊትም የመንግሥት ሰው መጥቶ ይመረምረዋል። ይህን ለምእመናኑ ያላስረዳሁበት እሑድ የለም። ሁሉም ራሱን ይነቀንቅና "እንጸልይላችኋለን" ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ አላመንኩባትም። ቅጠል በስልኳ ፎቶ አንስታ ስልኩን "ምን ሆኖ ነው?" ብላ የምትጠይቅ ገበሬ አይቼ አላውቅም። ያደግኩት ሆሳዕና ነው። እዚያ ጎመን ሥር አመድ ይነሰነሳል፣ ጎመኑ ይፋፋል፣ አለቀ። ይህን አንድ ቀን ብነግራት "አባዬ፣ ፕሊስ፣ ምንም ነገር ተች እንዳታደርግ" አለችኝ። ስልሳ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው በልጁ አትንካ ሲባል ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

ስለዚህ ነካሁ። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ጥብስ ቤት ያለው ወዳጄ መክብብ የከሰሉን አመድ በባልዲ ያስቀምጥልኝ ጀመር። እኔ ኮሌጅ ፓርክ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ነው የምነዳው፤ ሥራዬ እኩለ ቀን ላይ ያልቃል። ማክሰኞና ዓርብ ኑሃሚን ፒችትሪ ኮርነርስ ለሌላ ሥራ ስትሄድ እኔ በቀጥታ ወደ ማሳው እነዳለሁ። እያንዳንዱ ተክል ሥር እርጥበት እንዲይዝ የተነጠፈውን ጭድ ገለጥ አድርጌ፣ አመዱን ግንዱ ዙሪያ ነስንሼ፣ በእጄ ከአፈሩ ጋር አሽቼ መልሼ እሸፍነዋለሁ። ስልሳ ተክል ነው፤ የጉልበቴ ነገር አይነሳ። ሲያምርባቸው እነግራታለሁ፣ ያኔ እንተያያለን እያልኩ ነበር።

አላማረባቸውም። ጁላይ ላይ ቢጫ መሆን ጀመሩ። ኑሃሚን መጀመሪያ ናይትሮጅን አንሷቸው ነው ብላ ማዳበሪያ ጨመረች፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ተንበርክካ አንድ በአንድ አየቻቸው። በሽተኛ ስትጠብቅ የኖረች ስለሆነች ዐይኗ አያመልጠውም። ናይትሮጅን ቢሆን ኖሮ ከታች ያሉት ያረጁ ቅጠሎች ነበሩ ቀድመው የሚገረጡት አለችኝ። እነዚህ ግን የገረጡት አናት ላይ ያሉት ለጋዎቹ ናቸው፤ ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃሉ ቢጫ። ይህ የብረት እጥረት ነው አለች። ብረት የተበጠበጠበት ውሃ ረጨችባቸው። ቅጠሎቹ ለጥቂት ቀን ወዛቸው ተመለሰ፤ ቀጥሎ የወጣው ለጋ ግን እንደገና ቢጫ ሆነ።

እራት ላይ ነገሩን እያብሰለሰለች ነገረችኝ። የዚህ አገር አፈር ቀይ የሆነው በብረት ነው፤ ተክሎቹ ብረት ላይ ቆመው ብረት ያጡት መውሰድ አቅቷቸው ነው። መለኪያዋን ግንዳቸው ሥር ስትሰካው የአሲዱ ልክ፣ ፒኤቹ፣ ሰባት ነጥብ ስምንት አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል። ከስድስት ተኩል ባይበልጥ ደግ ነበር። የጆርጂያ ቀይ አፈር ከተፈጥሮው አሲድ ይበዛበታል፤ እሷም ማርች ላይ አፈሩን አስመርምራ፣ የሚያስፈልገውን ኖራ ራሷ አስልታ ማሳው ላይ በሙሉ በትናለች። እና አሁን ስሌቱን እንዳበላሸችው እርግጠኛ ሆናለች። ኖራ አብዝቼ ብረቱን ቆለፍኩባቸው አለች። ኖራ እንዴት እንዲህ ያደርጋል ብዬ ጠየቅኳት።

"ኖራ በለው አመድ በለው፣ ያው ነው፤ አሲዱን ሲያጠፉት ብረቱ አይሟሟላቸውም" አለችኝ።

የጠቀለልኩትን እንጀራ ሳልጎርስ ትሪው ላይ መለስኩት። ያን ማታ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። አመድ መውሰዱን አቆምኩ፣ መክብብንም በቃኝ አልኩት፣ ለልጄ ግን ዘጠኝ ቀን አፌን ዘጋሁ። በዘጠኙ ቀን ኑሃሚን ደብተሯን ዘርግታ የኖራውን ስሌት ስትሠራ ስትሰርዝ አያታለሁ። ስህተቱን ማግኘት አልቻለችም። የሌለ ነገር ከየት ታገኘዋለች?

ቅዳሜ ማሳው ላይ ቆመን ሳለ፣ ዐይኗን ከተክሎቹ ሳታነሳ ተናገረች።

"ሰኞ ለሆስፒታሉ እደውላለሁ። ናይት ሺፍቱን ይመልሱልኛል። እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም።"

ከሌሊት ሥራ ስትገባ የነበራት ፊት መጣብኝ። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ትወድቅ ነበር።

"አመድ አድርጌባቸዋለሁ" አልኳት።

"ምን?"

"አመድ። ከመክብብ ቤት። በሳምንት ሁለቴ፣ ከሜይ ጀምሮ፣ ሁሉም ሥር።"

ቁጣዋን ጠበቅኩ። እሷ ግን አላየችኝም። መለኪያዋን ጠራርጋ ይዛ በሁለት ረድፍ መሃል ገባች፤ እኔ አመድ ያልነሰነስኩበት፣ ኖራው ግን እኩል የተበተነበት ቦታ ነው። ሰካችው። ቁጥሩን ረዥም ጊዜ አየችው። ሄዳ ሌላ ረድፍ መሃል ሰካች፣ ከዚያም ሌላ። በመጨረሻ አዞረችና አሳየችኝ። ስድስት ነጥብ አራት ይላል። ሁሉም ጋ ያው ነው አለች።

ቀዩ አፈር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትስቃለች። ከዚያ ደግሞ እውነትም አለቀሰች።

"ዘጠኝ ቀን ሙሉ ካልኩሌት ሳደርግ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?" አለችኝ።

አመዱን ይቅር እንደምትለኝ ገብቶኛል፤ እኔን ያንገበገበኝ ዝምታዬ ነው። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ትእዛዝ ጀመረች። አመድ የነካውን አፈር ከላይ ከላይ እንጠርጋለን፣ አሲዱን እንዲመልስ ግንዱ ዙሪያ ድኝ እንበትናለን፣ ድኙ እስኪሠራ ብረቱን ቅጠላቸው ላይ እንረጫለን። የማይተርፉም ይኖራሉ። እኔ እንደ ተማሪ እሺ፣ እሺ እላለሁ። መሃል ላይ ቆም አለች።

"በለኝ እስቲ" አለችኝ።

"ምን ልበልሽ?"

"ልክ ነበርሽ በለኝ።"

"ልክ ነበርሽ" አልኳት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ይህን ብያት እንደማላውቅ የገባኝ ቃሉ አፌ ላይ ሲከብደኝ ነው። ስለዚህ ደገምኩላት፤ ሁለተኛው ቀለለኝ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ጭድ ስንገልጥና አፈር ስንጠርግ ዋልን። ጉልበቴ ሲንቋቋ እየሰማች አንድም ጊዜ ተነሥ አላለችኝም፤ ደግ አደረገች። ሰባቱ አልተረፉም፤ የቀሩት ከወር በኋላ ከአናታቸው አረንጓዴ አወጡ። ሰኞ ለሆስፒታሉ አልደወለችም።