የጓዳው ማሽን

የጌም ማሽናችን የሞተው ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ጋሽ በርሄ እየመሩ ሳለ ነው። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፤ ማሽኑ አፏጨና ዝም አለ። ልጄ ቃለአብ በደስታ ሁለት እጁን አነሳ።

«ውጤቱ አይያዝም። ጨዋታው ተቋርጧል።»

«ይያዛል» አሉ ጋሽ በርሄ። «ገመዱን በእግርህ የነካኸው አንተ ነህ። ስትሸነፍ ሁልጊዜ እግርህ ይረዝማል።»

ወርቅ ቤታችን ፒያሳ ነው። ከፊት መደብሩ፣ ከጀርባ ጓዳው። ጋሽ በርሄ ቃለአብ ሳይወለድ ጀምሮ ጓዳ ተቀምጠው ወርቅ ይሠራሉ። ማሽኑን ያመጣው አብሯቸው ወርቅ ይሠራ የነበረው ባለቤቴ ዓምደሚካኤል ነበር፤ በምሳ ሰዓት ሦስቱ እየተፈራረቁ ኳስ ይጫወቱበት ነበር። እርሱ ካረፈ ወዲህ ሁለቱ ይጫወታሉ። እኔ ባንኮኒው ላይ ሆኜ ጫጫታቸውን እሰማለሁ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ጓዳው ጸጥ አለ። ቃለአብ ስልኩን እያየ ምሳውን ይበላል፤ ጋሽ በርሄ ጎርሰው ሳይጨርሱ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለውን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ ቶሎ ካላባረሩት ቤት ይለምዳል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት፣ በሞተው ምትክ ሌላ እንደምገዛ ነገርኳቸው። ክርክሩ ያን ጊዜ ተነሳ።

ቃለአብ ኮምፒውተር ይሁን አለ፤ ደህና ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ማንኛውንም ጌም የሚያጫውት።

«ካርዱ ብቻውን ስንት ነው?» ጠየቁ ጋሽ በርሄ።

ነገራቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወደይ፣ በዚህ ብር እኮ ለሙሽራውም ለሙሽሪትም ቀለበት ይወጣል። ለሚዜውም ይተርፋል።»

«ግን ጌሞቹ ርካሽ ናቸው፣ ጋሼ። ቅናሽ ሲኖር በግማሽ ዋጋ ይገኛሉ።»

«እኔ የምጫወተው አንድ ጌም ነው። ለአንድ ጌም ምን ቅናሽ ያስፈልገኛል? ይልቅ የሚመጣውን አዲሱን የጌም ኮንሶል እንጠብቅ። አንድ ሳጥን፣ አንድ ዋጋ። ትሰካዋለህ፣ ትጫወታለህ።»

«ዋጋው ስንት ነው?»

«አልታወቀም።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«እሱም አልታወቀም።»

«ዋጋውም ቀኑም ያልታወቀ ጌጥ ደንበኛ ቢያዝዎት ምን ይሉታል?»

«ቀብድ አስይዝ እለዋለሁ» አሉ ጋሽ በርሄ።

ቃለአብ ራሱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ሜሞሪ፣ ስለ ራም፣ ማስረዳት ጀመረ፦ ትልልቆቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ሜሞሪውን እየሰበሰቡ ስለሚገዙት ራም ተወዷል፤ የሚመጣው ኮንሶልም ያው ራም ስለሚያስፈልገው በርካሽ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ጋሽ በርሄ ይህን ሰምተው፣ እንዲያውም መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ የተወደደ ሁሉ ይረክሳል አሉ። ወርቅ መቼ ረክሶ ያውቃል ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸው ግን አልተሸነፉም።

እኔ ሁለቱንም ሰማኋቸው። አንደኛው አቅማችንን አለፈ፣ ሁለተኛው ገና አልተሠራም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሌላ ነገር ስላልታየኝ፣ የሞተውን ማሽን በፌስታል ይዤ ኑሪ ጋ ለመሄድ ተነሳሁ። ኑሪ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስልክና ጌም የሚጠግን ልጅ ነው። ቃለአብ አብሮኝ መጣ። ጋሽ በርሄም ዕቃ እንዳይቀየርብን ብለው ተከተሉን።

ኑሪ ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን አነሳ። የማሽኑ ማራገቢያ በወፍራም፣ ቀላ ባለ አቧራ ተጠቅልሏል። ኑሪ የአየር መንፊያውን አንስቶ አፈሙዙን ደገነ። ጋሽ በርሄ የእጁን አንጓ ያዙት።

«እንዳትነፋው።»

«ፋዘር፣ አቧራ እኮ ነው።»

ጋሽ በርሄ ከአቧራው ቆንጥረው ወደ መስኮቱ ሄዱ። በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ጣታቸውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ የሺ፣ ማሽኑ የሚቀመጠው የት ነበር?»

ወዲያው ገባኝ፤ ሳቄም አመለጠኝ። ጓዳችን ያለው አንድ ሶኬት ነው። ማሽኑ እነዚያን ዓመታት ሁሉ የተቀመጠው ጌጥ ከሚወለወልበት ሞተር አጠገብ ነበር። በእኛ ሥራ የሚጣል አቧራ የለም። የወለሉ ጥራጊ ይጠራቀማል፣ የእጃችን እጣቢ ይጠራቀማል፣ ያረጀ ሽርጥ እንኳ ይቃጠልና አመዱ ይነጠራል፤ የወርቅ ብናኝ አለበትና። ኬሚስትሪ አጥንቻለሁ፤ እጣቢውን ራሴ ነኝ የማጠልለው። ግን ሲሞቀው አየር የሚስብ ማሽን እዚያ አስቀምጠን፣ ማራገቢያውን መጥረግ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

ነገሩን ለኑሪ አስረዳሁት። መንፊያውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የሌላ ሰው ማሽን ስከፍት የሚወጣው በረሮ ነው» አለ። «ማዘር፣ እቤት ሌላ የተበላሸ ነገር የላችሁም? ፍሪጅም ቢሆን እሠራለሁ።»

ጋሽ በርሄ ንጹሕ ወረቀት አስነጠፉና አቧራውን በብሩሽ እያራገፉ ለቀሙት። ኑሪ እንዳያስነጥስ ታዘዘ፤ አፍንጫውን ይዞ ቆመ። ሲጨርሱ ማሽኑን አጸዳው፣ የደረቀውን ማቀዝቀዣ ቅባት ቀየረው፣ ገጥሞም ሰካው። መብራቱ በራ።

«ታፍኖ ነው እንጂ ምንም አልሆነም። ሒሳቡን በግራም ልቀበል?»

«በብር ትቀበላለህ» አሉት ጋሽ በርሄ።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብተን አቧራውን አቃጠልን፣ አመዱን በአሲድ አጠብን፣ የቀረውን አቀለጥን። መጨረሻ ላይ ማቅለጫው ውስጥ ከሽምብራ ያነሰች ፍሬ ተገኘች። ጋሽ በርሄ ሚዛን ላይ አኖሯት።

«ካርድ አትገዛም» አለ ቃለአብ አጎንብሶ እያየ። «ራም ግን ትገዛለች።»

ጋሽ በርሄ ፍሬዋን በወረንጦ ገልበጥ አደረጓት።

«የስንት ዓመት ብናኝ ነው» አሉ። «የቱ የእኔ፣ የቱ የአቶ ዓምደሚካኤል እንደሆነ መለየት አይቻልም።»

«አይቻልም» አልኩ።

ቃለአብ ቀና አለ። «እማ፣ ከፈለግሽ እናስቀምጣት።»

መዳፌ ላይ አደረግኋት። ሙቀቷ ገና አልወጣላትም።

«ጨዋታ የሰበሰባት ናት፤ ለጨዋታ ትሁን። ራሙን ግዛ።»

«ራም ብቻውን ምን ይሠራል?» አሉ ጋሽ በርሄ።

«ኮምፒውተር እኮ ዕቃ ዕቃው ለየብቻ ይገዛል፣ ጋሼ። አሁን ራሙን፣ ሲሞላልን ሌላውን፣ መጨረሻ ላይ ካርዱን። የሚመጣው ኮንሶል ግን ሲወጣ በአንዴ ነው የሚከፈለው። እስከዚያ በዚሁ ማሽን እንጫወታለን።»

«በግራም በግራም ማለትህ ነው? እንደ ወርቅ?»

«እንደ ወርቅ።»

ጋሽ በርሄ ወረንጦውን አስቀመጡ። «ይሄ ይገባኛል። ግን እኔ በዚያ በፊደል መምቻ ኳስ አልጫወትም።»

«ጆይስቲክ ኮምፒውተርም ላይ ይሰካል።»

«ይሰካል?»

«ይሰካል።»

«ታዲያ ከሐሙስ ጀምሮ ለምን ታጨቃጭቀኛለህ?»

ቃለአብ ማሽኑን ከሞተሩ ለማራቅ ማራዘሚያ ገመድ ይዞ መጣ። ጋሽ በርሄ ክንዳቸውን ዘርግተው ከለከሉት።

«ከቦታው አይነቃነቅም። በየወሩ እጠርገዋለሁ። ካርዱን ራሱ ይግዛ።»

«ያኔ እርስዎ መቶ ዓመት ይሞላዎታል።»

«ያኔም እየመራሁ ነው።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሁለት እጮኛሞች ቀለበት ሊመርጡ ገቡ። ሣጥኑን ከፍቼ ሳሳያቸው ከጓዳ ጩኸት ተነሳ፤ ከዚያ የጋሽ በርሄ ሳቅ፣ ከዚያ የቃለአብ አቤቱታ። ልጅቷ ደንገጥ ብላ ወደ በሩ አየች።

«ስንት ለስንት ናቸው?» አለኝ ወንድየው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ገብተህ እያቸው» አልኩት።

«አንዴ ብቻ» ብሏት ገባ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደንበኛ አለ ብዬ ድምፅ እንዲቀንሱ እነግራቸው ነበር፤ ያን ቀን ወንበር ስቤ ከልጅቷ ጋር ተቀመጥኩ። ቆይቶ ጆይስቲክ የያዙ ጣቶቹን እያፍታታ ሲወጣ ልጅቷ ቀለበቱን መርጣ ነበር፤ በሣጥኑ ካሉት ሁሉ ከባዱን።