ትርፉን አልቆረጥኩትም

ልብስ ሰፊዋ ግጥም የምትገጥመው በእግሯ ነው ብል ማን ያምነኛል? እውነቴን ነው ግን። የስፌት መኪናዋን መርገጫ ካልረገጠች ቃል አይመጣላትም። እግሯ ወረድ ወጣ ሲል መርፌው ተክ ተክ ተክ ይላል፣ አፏም በዚያው ልክ ያንጎራጉራል፤ ስፌቱ ጫፍ ሲደርስ ግጥሙም ቤት ይመታል። ስለ ቁልፍ ትገጥማለች፣ ስለ ዚፕ ትገጥማለች፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ስለሚለካው ደንበኛዋ ትገጥማለች። ክሩ ከተበጠሰ ግጥሙም አብሮ ይበጠሳል። አንዲት ልጇ በዚህ ድምፅ እንቅልፍ እየወሰዳት ነው ያደገችው።

ሌላም አመል አለባት። የተንጠለጠለ ክር ካየች አያስችላትም። ታክሲ ወረፋ ላይ የማታውቀውን ሰውዬ "አንዴ ቁምልኝ የኔ ወንድም" ትልና ከቦርሳዋ መቀስ አውጥታ ከኮቱ ጀርባ የተንዘላዘለውን ቀጭ! ልጇ ስንቴ "መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ" ብላለች።

ታዲያ ይቺ ልጅ ልታገባ ሆነ። "እማዬ፣ ስጦታ ምናምን አልፈልግም። በሰርጌ ቀን አንድ ግጥም ብቻ በይልኝ" አለቻት።

እናት ደስ ከመሰኘቷ በፊት ድንጋጤው ቀደማት። የሙሽራው አባት የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ድግስ ላይ ማይክ ካልያዘ የበላው የማይረጋለት፣ የለየለት ገጣሚ! እሱ ባለበት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስለ ዚፕ ልታወራ? የልጇን አንገት ልታስደፋ? ሞቷን ትመርጣለች! ስለዚህ ከስፌት መኪናዋ ራቅ ብላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስለ ጨረቃና ስለ ጽጌረዳ ትጽፍ ጀመር።

ባሏ ሰምቶ ሳቁ አላስቆም አለው። "አንቺ ሴትዮ፣ ጨረቃን ደግሞ መቼ ቀና ብለሽ አየሻት? አንገትሽን ደፍተሽ ስትዘመዝሚ አይደል እንዴ የምታመሺው?"

"አንተ ደግሞ ዝም በል! የማሽን ዘይት የሚሸት ግጥም ማን ይሰማል?"

ቀሚሱን የሰፋችው ግን እንደ ልማዷ ነበር። የልኬቱ ቀን ልጅቷ መስታወት ፊት እየተሽከረከረች ደስታዋን ስታጣጥም ቆየችና ጎኗን ዳበስ፣ የቀሚሱን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ፊቷን ቋጠረች።

"እማዬ፣ ጎኑም ግርጌውም ውስጥ ለውስጥ ብዙ ጨርቅ አለው እኮ። ቁረጪልኝ።"

"አልቆርጥም።"

"ምን ያደርግልኛል? ማንም አያየውም!"

"ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ አንቺ? ይልቅ ቀጥ ብለሽ ቁሚ!" አለቻት፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች። ልጅቷም ከእናቷ ጋር ስለ ጨርቅ መከራከር ትርፉ ድካም መሆኑን ታውቃለችና ቀጥ ብላ ቆመች።

ሰርጉ ደረሰ። አዳራሹ ጢም አለ። መጀመሪያ ሹፌሩ ተነሳ። የሱ ግጥም እንደ መንገዱ ነው፤ ኩርባ ላይ ድምፁን ይቀንሳል፣ ሜዳው ላይ ይለቀዋል፣ ማቆሚያ ግን የለውም።

"ልጄ ሆይ ፍቅር ዳገት ነው፣ በአራተኛ አትውጣው፤
ሞተሩ ሲያጉረመርም፣ ማርሽ ቀንሰህ አምጣው!"

የሙሽራው ጓደኞች በአፋቸው ጡሩምባ እየነፉ አጀቡት። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ልብስ ሰፊዋም አጨበጨበች። "አሁን የሙሽሪት እናት!" ተባለ።

ወጣች። ማይኩን ያዘች። "ጨረቃዬ…" አለች። ጉሮሮዋን ጠራረገች። "ጽጌረዳዬ…" ከዚያ ወዲያ አፏ ተሳሰረ። ላብ አጠመቃት። ቀኝ እግሯ ብቻ መርገጫውን ፍለጋ ባዶ ወለል ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ከኋላ አንድ ሰው አሳለ። "አለቀልኝ! ልጄን አዋረድኳት" አለች በልቧ።

ሙሽራዋ ግን የምታየው የእናቷን ፊት አልነበረም፤ እግሯን ነው። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብሰብ አደረገችና በጫማዋ ተረከዝ የእንጨቱን ወለል ትመታ ጀመር፤ ተክ ተክ ተክ፣ ተክ ተክ ተክ። እናት ቀና አለች። እግሯ ድምፁን ሲያገኝ ጨረቃውም ጽጌረዳውም ከአፏ በረሩ።

"ቀሚስሽን ስሰፋ፣ ጠበብ አላረግኩትም፤
ውስጡን ገልብጠሽ እዪው፣ ትርፉን አልቆረጥኩትም።
ዛሬ ልክሽ ቢሆንም፣ ነገ ትወፍሪያለሽ፤"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የልብስ ሰፊዋ ባል ጠረጴዛውን በመዳፉ መምታት ጀመረ፣ ሹፌሩም ተከተለው፤ ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ሙሉ ተክ ተክ ተክ ሆነ። እሷ ማንንም አትሰማም፣ ትረግጣለች።

"ስቀሽም አልቅሰሽም፣ ሌላ ሰው ትሆኛለሽ።
ባልሽም እንዲሁ ነው፣ እሱም ይለዋወጣል፤
በልኩ የቆረጠ፣ ኋላ ማስፊያ ያጣል።"

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጩኸትማ ተዉት! ሙሽራዋ የቀሚሷን ጫፍ ገልብጣ ለባሏ ታሳየዋለች። "እየው! ቁረጪልኝ ብያት እኮ እምቢ ያለችኝ ለዚህ ነው!" ትላለች፤ ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል። ሹፌሩ እየሮጠ መጥቶ ልብስ ሰፊዋን ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳማት። "እኔ ስንት አገር ዞሬ እዚህ ቦታ አልደረስኩም! አንቺ ከስፌት ወንበርሽ ሳትነሺ ደረስሽ!"

"አንተም ብትሆን ባይደክምህ ኖሮ ግጥምህን እስካሁን እየነዳኸው ነበር" አለችው፤ ሁለቱም ከትከት ብለው ሳቁ።

ሙሽሮቹ ሊሄዱ የመኪናው ሞተር ተነሳ። እናት ልጇን አቅፋ ስትለቃት የልጅቷ እጅጌ ላይ አንዲት ነጭ ክር ተንጠልጥላ አየች። ወዲያው እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ፤ መቀሱ ብቅ አለ። ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

"ተይው እማዬ። ይሄንንም ይዤው ልሂድ።"

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀሷን ሳትቆርጥበት ወደ ቦርሳዋ መለሰች።