ያደረ መርዶ

በዘጠና አምስት በልግ ቡታጅራ ላይ አልዘነበም። በርበሬው ገና ችግኝ ሳለ ደረቀ። እንሰቱን በሽታ አጠወለገው፤ ገበሬው ያልደረሰውን ነቅሎ በላው። ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ። አቶ ወልደማርያም የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ይውሉ ጀመር።

ሥራ ከፈቱባቸው ቀናት በአንዱ ቪዲዮ ቤት ገቡ። በፊልሙ አንድ ሐኪም ሰዓት በሰንሰለት እያወዛወዘ ሰው አስተኛ። የተኛውም ሬሳ የተቀበረበትን ቦታ ሳይቀር ዘረገፈ።

ልጃቸው ሄኖክ ዘምቶ ከቀረ ሦስት ዓመት አልፏል። አብሮት የዘመተው የጎረቤት ልጅ ሰማን ተመልሷል፤ ከባድ መሣሪያ አጠገቤ ፈንድቶ ሄኖክ የቀረበት ቀን ነገር ከአእምሮዬ ጠፋ ይላል። መርዶ ስላልተነገረ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ የዕድር ድንኳንም አልተተከለም። ሚስታቸው ወይዘሮ አደይ ዛሬም የሄኖክን ራት ከድነው ያስቀምጣሉ።

ጤና ጣቢያ በፊልሙ እንደታየው ያለ ሕክምና የተማረች ነርስ መጥታለች ሲባል አቶ ወልደማርያም ሰማንን ለምነው ይዘውት ሄዱ። ሄኖክ ትቶት የሄደውን የእጅ ሰዓት በስፌት ክር አንጠልጥለው ለነርሷ ሰጧት።

ሲስተር ሕይወት አልሳቀችም። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሰማንን ምን እንደሚያስቸግረው ጠየቀችው፤ እንቅልፍ እንቢ እንዳለው፣ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ነገራት። ሲፈልግ ማቆም እንደሚችል ነግራው፣ ግድግዳው ላይ አንድ ቦታ እያየ በዝግታ እንዲተነፍስ አደረገችው። በለሆሳስ ስታናግረው ቆየች። እጁ ረጋ።

«አሁን ጠይቂው» አሉ አቶ ወልደማርያም።

«አልተኛም እኮ አባባ፤ ሁሉን ይሰማል። ሰው ያልፈለገውን በዚህ ማናገር አይቻልም። ቢናገርም እውነት ላይሆን ይችላል።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«እጁን ያሳርፍለታል።»

አቶ ወልደማርያም ሰዓቱን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ፊልሙን ካዩ ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ ተስፋ ያደረጉት በእሱ ነበር።

መናኸሪያው አጠገብ ሲደርሱ ሰማን ቆመ። ረዳቶቹ «ወልቂጤ፣ ወልቂጤ» እያሉ ይጣራሉ።

«አባባ፣ ረስቼ አላውቅም። እንዝመት ያልኩት እኔ ነበርኩ። መርዷችሁ እኔ ዘንድ ነው ያደረው።»

አቶ ወልደማርያም በመዳፋቸው አፉን ያዙት።

«መንገድ ላይ አይባልም። ለእኔ ብቻም አይባልም። ነገ ማልደህ ሽማግሌ ይዘህ ና።»

ቤት ሲገቡ ወይዘሮ አደይ ልጁ ተናገረ ወይ ብለው ጠየቁ። ሰዓቱ አልሠራም አሏቸው። ወይዘሮ አደይ የሄኖክን ራት ከደኑ። አቶ ወልደማርያም የተከደነውን ሳህን አዩ። የራሳቸውን አልበሉም።

ሊነጋጋ ሲል ለብሰው በሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ።

«በዚህ ሰዓት ማነው?» አሉ ወይዘሮ አደይ፤ ድምፃቸው ከወዲሁ ተሰብሯል።

አቶ ወልደማርያም በሩን ከፈቱ። ሰማን ጋቢ ከለበሱ ሽማግሌዎች ፊት ቆሟል፤ እጁ እንደገና ይንቀጠቀጣል። አንደኛው ሽማግሌ ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማን ቀደማቸው።

«እማማ፣ ሄኖክን በእነዚህ እጆቼ ነው የቀበርኩት።»