በነጅመዲን ስልክ የሚመጣው ኮድ

ነጅመዲን የጥልፍ ዲዛይን ፕሮግራሙን ከዱባይ የገዛሁት ለወደፊት ሚስቴ ነው ይላል። ጥልፍ ሠሪዋ ጀናን ደግሞ ያኔ የጋብቻ ነገር ጨርሶ አልተነሳም፣ «ለልደትሽ» ብሎ ነው የሰጠኝ ትላለች። ሁለቱም የዋሹ አይመስልም።

የተመዘገበው ግን በእሱ ስም ነው፤ ምዝገባው የባንክ ካርድ ይጠይቃል፣ የእሷ ካርድ ደግሞ ውጭ አገር አይሠራም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ማንንም አላስቸገረም። ማክሰኞ ዕለት ኮምፒውተሯ በቫይረስ ቢያስቸግራት መገናኛ ወስዳ ፎርማት አስደረገችው። የካ አባዶ ቤቷ ተመልሳ ፕሮግራሙን ስትጭነው፣ «ይህ ላይሰንስ በሌላ ኮምፒውተር ተይዟል፤ ለባለቤቱ ስልክ ኮድ ልከናል» አላት። ሌላ የተባለው ኮምፒውተር ይኸው ፊቷ ያለው ነበር።

ደወለች።

«ኮዱ ደርሶኛል» አለ ነጅመዲን እየሳቀ። «ሽማግሌ ልላክ? እሺ በዪኝና ልንገርሽ።»

«ነጅሜ፣ ቀልዱን ተው! የእሑድ ሙሽራ ቀሚስ ነው።»

«የሰው ስትድሪ ልታረጂ ነው እንዴ?»

የሙሽራዋ እናት እትዬ ወርቅአየሁ ያልተጠለፈውን ነጭ ቀሚስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የጥልፍ ማሽኑ የሚሠራበትን የቀሚሱን ንድፍ የሚከፍተው ያ ፕሮግራም ብቻ ነው። የቀረው አንድ «እሺ» ነበር። ግን እሺ ካለች ነገ ሽማግሌዎቹ አባቷ ቤት ይቀመጣሉ፤ በሽማግሌ ፊት የጸና ቃል ደግሞ አይመለስም። እምቢ ብትል ቀሚሱ ባዶውን ይቀራል።

መሳቢያውን ስባ መርፌና ክር አወጣች።

«ኮዱን ያዘው» አለች ጮክ ብላ። «እትዬ፣ በእጄ እጠልፈዋለሁ። ለእሑድ የሚደርሰው ግን አንገቱ ብቻ ነው።»