የጋሽ ስብሐት ሳል

ጉለሌ ውስጥ ባልና ሚስት ሲኳረፉ መጀመሪያ የሚጠሩት ጋሽ ስብሐት ናቸው። እሳትና ጭድ የሆኑትን አንድ ማዕድ ላይ ሳያስቀምጡ አይነሱም። ሽምግልናውን የሚከፍቱት በ«አባታችን ሆይ» ነው፤ ታዲያ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ሳል ይይዛቸዋል። ሰፈሩ አስም ነው ብሎ ያዝንላቸዋል። ባለቤታቸው ሳቢትም ዝንጅብል በማር ታፈላላቸዋለች።

አስም አልነበረም። ጋሽ ስብሐት ሸጎሌ ከምትኖረው ታናሽ እህታቸው ከየሺ ጋር፣ እናታቸው ካረፉ ወዲህ አልተነጋገሩም። እናታቸው የሞቱት እሷ ቤት ነው። «ሳትነግረኝ የእናቴን ዓይን ሳልከድን አስቀረችኝ» ብለው በለቀስተኛ መካከል ጀርባቸውን ሰጧት፤ በዚያው ቀረ። ሰውን ማታለሉ አልከበዳቸውም፤ እግዜርን መዋሸት ግን ስለሚያስፈራቸው ያቺን ቃል በሳል ያልፏታል። ምስኪን፣ ሳሉን እግዜር የማይሰማ መስሏቸው!

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዮናስንና ሚስቱን ሲናን ሊያስታርቁ ተቀመጡ። ጸለዩ፣ ሳሉ፣ ጨረሱ። ዮናስ ጥፋቱን አምኖ ሚስቱ ጉልበት ላይ ተደፋ።

«በይ ልጄ፣ ይቅር በዪው። ከአንገት በላይ እንዳይሆን ግን» አሏት።

ሲና ቀና ብላ አየቻቸው። «ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። ስንጸልይ እኔንም እዚያ ቃል ላይ አቃተኝ። እንደ እርስዎ ሳል ሳል ባደርግስ፣ ይበቃል?»

ጋሽ ስብሐት ክው አሉ። ልጅቷ ልታሽሟጥጥ ብላ አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ይሄ ነው ያመማቸው። ለካ ስንቱን ሲያስታርቁ ሳላቸውንም እያስተማሩ ኖረዋል።

«አይበቃም ልጄ» አሉና ነጠላቸውን አንስተው ወጡ።

የሺ በሯን ስትከፍት ቆመው አገኘቻቸው። ግቡ እስክትላቸው አልጠበቁም።

«አንቺ አልበደልሽኝም» አሉ። «እማዬ ያረፈች ቀን ሽምግልና ላይ ሆኜ ስልኬን ዘግቼው ነበር። ስከፍተው መደወልሽን አይቻለሁ። አፍሬ ነው ባንቺ ላይ ያላከክኩት።»

የሺ እንባዋ ቀደማት። «አውቃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። እማዬ እኮ፣ ‹በቃ ተዪው፣ አትጥሪው፤ ልጄ ሰው እያስታረቀ ነው› ብላኝ ነው ያረፈችው።»

ጋሽ ስብሐት የእህታቸው ጉልበት ላይ ወደቁ። ያኔ የሚሸሸጉበት ሳል ቢመጣላቸው በወደዱ፤ አልመጣላቸውም።