ያላባቸው ሚዛኖች

አምስተኛዋም ሚዛን አበደች። ምንም ሳይጫንባት አርባ ኪሎ ብላ ቁጭ አለች።

"ይኸው!" አለ ማሽኖቹን ያዋሰው ድርጅት ከአዲስ አበባ የላከው ኢንጂነር ክብሩ፣ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ። "ጋሽ ፍቃዱ፣ አሰብ የጨው አገር እንጂ የኤሌክትሮኒክስ አገር አይደለም ብዬዎት ነበር። የማምረቻ ማሽኖቹን ነገ ካሚዮን ላይ እንጭናለን።"

ጋሽ ፍቃዱ በነዳጅ ማጣሪያው ሃያ ዓመት መለኪያ ሲጠግኑ ኖረው፣ ከነፃነት በኋላ ይህችን የዲጂታል ሚዛን መሥሪያ ወደቡ ጥግ የከፈቱ ሰው ናቸው። የሚዛኖቹን የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች የበየደችው ሠራተኛቸው ከይሪያ ናት፤ ማሽኖቹ ከሄዱ ሥራ ፍለጋ የተወለደችበትን አሰብን መልቀቋ ነው።

የአንዷን ሚዛን ክዳን ከፍታ ቦርዷን ዳሰሰች። ጣቷ ረጠበ።

"ወላሂ፣ አልቧታል!"

"ምን?" አለ ክብሩ።

"የምንበይደው ኤር ኮንዲሽን ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ብድግ አድርገን ወደዚህ እሳት እናወጣታለን። ከፍሪጅ የወጣ ሚሪንዳ ውሃ ያወርድ የለም? እርስዎስ ዛሬ ጠዋት ከዚያ ክፍል ሲወጡ መነጽርዎ ጉም ለብሶ በሩን ሊገጩት አልነበር?"

ጋሽ ፍቃዱን ሳቅ አመለጣቸው። ክብሩ ሳያስበው መነጽሩን ነካ አደረገ።

ከይሪያ የረጠቡትን አምስቱን ማራገቢያ ፊት ደረደረች። ገና ያልወጡትን አምስቱን ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ እርጥቡ አየር እንዳይነካቸው በላስቲክ ጥርቅም አድርጋ አሰረችና፣ ቅዝቃዜያቸው እስኪለቅ ውጭ ጥላ ሥር አኖረቻቸው። ቀትር ነበርና የአሰብ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ጋደም አለ። ክብሩ ብቻ ሲንቆራጠጥ ዋለ።

አሥር ሰዓት ላይ አንድ በአንድ አበሯቸው። ዜሮ። ዜሮ። አሥሩም ዜሮ! ክብሩ አላምን ብሎ ራሱ አንዷ ላይ ወጣ።

"ዘጠና ሁለት? ይቺ እንኳ ተሳስታለች!"

"ሚዛኗስ አልተሳሳተችም፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ፍቃዱ፣ እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ። ከይሪያ በደስታ እልል አለች።

"እሺ፣ ማሽኖቹ ይቀራሉ" አለ ክብሩ ሲወርድ። "አንቺን ግን አዲስ አበባ ልውሰድሽ። እጥፍ ደመወዝ፣ ቤት ጭምር።"

ከይሪያ ለአፍታ ልቧ ሄደ። እጥፍ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም።

"ለቤቱ የሚወጣውን ብር የብየዳ ዕቃ ይግዙበትና ይላኩልኝ" አለችው። "እዚህ አጠገብ በይሉል በምትባለው መንደር እጃቸው የቀና ሁለት የአክስቴ ልጆች አሉ፤ ከሰኞ ጀምሮ አስተምራቸዋለሁ።"

መልሱን ሳትጠብቅ ገብታ፣ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ሁለት ወንበር ጨመረች።